ልጅ ፍለጋ ከአቃቂ እስከ ሶደሬ

በጃንሆይ ጊዜ አቃቂ ወንዝ ዳር ከነበሩት የጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ የቦይለር ክፍል የፈረቃ አለቃ ነበርኩ። በእኛ አነጋገር ካቦ ይባላል። ቦይለር ማለት ውኃ አፍልቶ እንፋሎቱን ለፋብሪካው ሁሉ የሚያድል፣ ቤት የሚያህል የብረት ጋን ነው። እኔ ካላዘዝኩ ክር አይነከርም፣ ጨርቅ አይደርቅም ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ያለ የኔታ ነው፤ በጥጥ ጭነት ላይ ከተጻፈውና ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ እየለቀምኩ። ጣሊያንኛም መካኒኮቹ ሲሳደቡ እየሰማሁ ነው የለመድኩት። ለጉራ የምናገረው አይደለም። ቢሆንስ? የሠራ ሰው ቢኮራ ነውሩ ምን ላይ ነው?

ዛሬ የምጽፈው ከባለቤቴ ከአስካለ ጋር ወደ ሶደሬ ፍል ውኃ ስላደረግነው ጉዞ ነው። ከዚያ በኋላ ድሬዳዋም፣ ጅማም፣ አሥመራም ደርሻለሁ። ከሁሉም ግን ያቺ አጭር መንገድ ትበልጥብኛለች፤ ቤቴ የቆመው በእሷ ነውና።

አነሳሳችን

ከአስካለ ጋር ከተጋባን ስድስተኛ ዓመታችን ነበር። ልጅ አልነበረንም። ጠበል ተሞክሯል፣ ስለት ተስሏል፣ የአስካለ ሆድ ስንት ጊዜ በቅቤ ታሽቷል። እኔን የጠየቀኝ ግን ማንም የለም። ለምን እጠየቃለሁ? ድምፄ ከእንፋሎቱ ፉጨት በላይ ይሰማል፤ ጢሜ ጠዋት ተላጭቼው ማታ ይበቅላል፤ ሁለት ሰው የሚያቃስትበትን የጥጥ እስር ብቻዬን አነሳለሁ። ደግሞም በዚያ ዘመን መካን የምትባለው ሴት ነበረች።

የዚያ ዓመት ጥምቀት እንዳለፈ እናቴ ሽማግሌዎች ሰብስባ አስጠራችኝ። እናቴን የሰፈሩ ሰው ሁሉ እቴቴ ነው የሚላት፤ የማይፈራት አልነበረም።

«ሶደሬ ውሰዳት» አለችኝ። «ፍል ውኃው ማኅፀኗን ካልፈታው አንተ ትፈታታለህ። ዱከም ያየሁልህ ልጅ አለች።»

ሽማግሌዎቹም ቁርጡን ነገሩን፦ እስከ ፍልሰታ ፆም ካላረገዘች ንብረት እኩል ተካፍለን እንድንለያይ። እኔ ተነስቼ እጅ ነሳሁ። አስካለን እወዳታለሁ፤ እናቴን ደግሞ እፈራታለሁ። አስካለ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሁሉንም ሰምታለች።

ከፋብሪካው ፈቃድ ወስጄ በማግስቱ ማለዳ ስንነሳ አረንጓዴውን የቆርቆሮ ሳንዱቋን እየጎተተች ወጣች።

«ለዚች ጉዞ ይሄ ሁሉ?» አልኳት።

«ውኃው ዳር ይበርዳል ይላሉ።»

ፍል ውኃ ዳር ይበርዳል! ነገሩ ሳይገባኝ አለፈ። አንድ ተሸካሚ ጠርቼ እስከ ባቡር ጣቢያ አስያዝኩት። ካቦ ሳንዱቅ አይሸከምም፤ ሰው ምን ይላል?

ባቡር ላይ

የተሳፈርነው ሦስተኛ ማዕረግ ነው። አግዳሚው እንጨት ነው፣ ሕዝቡ ደስ የሚል ነው። በአንድ በኩል ዶሮ፣ በሌላ በኩል የጤፍ ጆንያ። ባቡሩ ፉጨቱን ሲለቅ ግፊቱ እንዳነሰ በድምፁ ብቻ አወቅሁ፤ እንፋሎት ከእኔ አይሰወርም። ከአቃቂ ሲወጡ አገሩ ሜዳ ነው፤ አዝመራው ተሰብስቦ የጤፍ ገለባ በየአውድማው ተከምሮ ነበር። ዱከም ስንደርስ ወደ መስኮቱ አልተመለከትኩም። አስካለም አልተመለከተችም።

ከፊታችን የተቀመጡት ሰው ሳሪስ ሱቅ ያላቸው የስልጤ ነጋዴ ነበሩ፤ ጋሽ ኑረዲን ይባላሉ። ሽንኩርት ሊጭኑ ናዝሬት መሄዳቸው ነው። ዳቦና ቴምር አውጥተው አካፈሉን። ቀጥለውም መንገደኛ ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቁን።

«ልጆቹን ለማን ተዋችኋቸው?»

«ገና ነን» አለች አስካለ።

«አላህ ይስጣችሁ።» ትንሽ ቆይተው ወደ እኔ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስማ ወንድሜ፣ ናዝሬት የወንድነት መርፌ የሚወጋ አለ ይባላል። አንድ ዘመዴ ተወግቶ እንደ ኮርማ ሆኗል።»

«ለእኔ ነው?» አልኩ። እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን አሳየኋቸው። «እስቲ ይህን ይዩ! መርፌ የሚያስፈልገው ክንድ ነው?»

ክንዴን በሁለት ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ፤ ጨርቅ የሚገዙ ይመስሉ ነበር። «ማሻ አላህ» አሉ። «ጉልበትማ በሬም አለው ወንድሜ። ጥጃ ግን ከበሬ አይጠበቅም።»

ዙሪያው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። አስካለ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን አየሁ። እኔ ቴምሩን መለስኩላቸው። አልተቀየሙም፤ ራሳቸው በሉት።

ደብረ ዘይት ላይ ባቡሩ ብዙ ቆመ። ሴቶች የተቀቀለ እንቁላልና ሎሚ ይዘው በመስኮት በመስኮት ይሮጣሉ። ዝቋላ ከሩቁ ጭጋግ ለብሶ ይታያል። ጋሽ ኑረዲን እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። አስካለ እንቁላል እየላጠች፣ ቀና ሳትል እንዲህ አለችኝ።

«ሳንዱቁ ውስጥ ያለኝ ሁሉ አለ።»

«ያለሽ ሁሉ ማለት?»

«ልብሴ፣ ጥልፌ፣ የሠርጌ ነጠላ፣ ሁሉ። ከናዝሬት አሰላ አውቶቡስ አለ። አባቴ ቤት እገባለሁ። ዱከም ያለችው ስትገባ ቁሜ አላይም።»

እግሯ ሥር ያለውን ሳንዱቅ አየሁት።

«ሶደሬ ብለኸኛል፣ ሶደሬ እገባለሁ» አለች። «ተቀቀይ ካልከኝም እቀቀላለሁ። ስንመለስ ግን ናዝሬት ሐኪም ቤት እንታያለን። ሁለታችንም። እንቢ ካልክ አንተ በባቡርህ፣ እኔ በአሰላ መንገድ።»

«እኔ ምን ሆኜ ነው የምታየው?»

«ምንም ካልሆንክ ምን ያስፈራሃል?»

አንባቢ ልብ ይበል። ቦይለሩ ሊፈነዳ የደረሰ ቀን ሰው ሁሉ ወደ በሩ ሲሮጥ ወደ ቦይለሩ የሮጥኩት እኔ ነኝ። እኔን ፈራህ የሚለኝ ሰው የለም። «እሺ!» አልኩ፤ ጋሽ ኑረዲን ነቁ። እንቁላሉን ልጣ ሰጠችኝ።

ሶደሬ

ሞጆን አልፈን ናዝሬት ስንደርስ ፀሐዩ ሌላ ነው። የአቃቂን ብርድ የለመደ ሰው ኮቱን የት እንደሚያደርገው ይጠፋዋል። ጣቢያው ፊት ለፊት ብርቱካንና ፓፓያ እንደ ድንጋይ ተከምሮ ይሸጣል። ጋሽ ኑረዲን ሲሰናበቱን አንድ ፓፓያ ለአስካለ ሰጧት፤ ለእኔ «አይዞህ» ብቻ አሉኝ። በጋሪ ወደ መናኸሪያ፣ ከዚያ አቧራ በሚያጎርስ አውቶቡስ ወደ ሶደሬ ወረድን።

ሶደሬ ቆላ ነው። አዋሽ ወንዝ ጭቃ መስሎ በዝግታ ያልፋል፤ ዳሩ ላይ ትልልቅ ዋርካዎች አሉ፤ ጦጣዎቹ ሰው አይፈሩም። ገና ሳንቀመጥ አንዷ ዳቦዬን ከእጄ ነጥቃ ዛፍ ላይ ወጣችና እያየችኝ በላች። ባለ መኪናዎቹ ከሆቴሉ ገንዳ ይዋኛሉ፤ እኛ ብጤዎቹ ከምንጩ በታች፣ ወንድ በወንድ፣ ሴት በሴት እንገባለን። ከየአገሩ የመጣ ሰው አለ፤ ወገቡን የያዘው፣ ጉልበቱ የደረቀ፣ አንዳንዱም እንደኛ ልጅ ፈላጊ።

ልጅ ፈላጊዎቹ ሁሉ ሚስቶቻቸውን ይዘው የመጡ ባሎች ነበሩ። ሴቶቹ ይነከራሉ፤ ባሎቹ ዛፍ ሥር ካርታ ይጫወታሉ። እኔ ግን ሰነፍ ስላልሆንኩ እኔም ገባሁ። ምንጩ ከሚወጣበት አጠገብ፣ ሌላው ሰው እግሩን ነክሮ የሚሸሽበት ቦታ አለ። እዚያ እስከ ደረቴ ተቀመጥኩ። የወሎ ሰዎች ተሰብስበው አዩኝ። «ይሄ ሰው ምን ዓይነት ፍጡር ነው?» ሲሉ ሰማሁ። «የቦይለር ካቦ ነኝ» አልኳቸው። በየቀኑ ጠዋትና ማታ እዚያው ገባሁ። አስካለ ከሴቶቹ በኩል ፊቷ ቀልቶ ትወጣ ነበር። ማታ ማታ ሳንዱቋን ተደግፋ ትቀመጣለች።

ሐኪም ቤት

ቃሌን ጠብቄ ናዝሬት ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ ፀጉራቸው ሸበት ያለ፣ ቶሎ የማይናገሩ ሰው ነበሩ። መጀመሪያ አስካለን ከነርሷ ጋር ሆነው መረመሯት፤ ብዙ ጠየቋት። ከዚያ «በአንቺ በኩል የማየው ችግር የለም» አሏት። አስካለ የወረደ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች።

«አንተስ?» አሉኝ።

«እኔ ጤነኛ ነኝ፣ ዶክተር።»

«እሱን እናያለን።»

አፈ ሰፊ ጠርሙስ ሰጥተው መጋረጃ ወዳለበት ክፍል ላኩኝ። የቀረውን አንባቢ ይረዳዋል። በሕይወቴ ብዙ ከባድ ሥራ ሠርቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ አልገጠመኝም። ስወጣ አስካለ አግዳሚው ላይ ሆና አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች። ልቆጣ አልኩና እኔም ሳቄ መጣ። አብረን ከሳቅን ስንት ጊዜያችን ነበር!

ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ ሲያዩ ቆዩና ጠሩን።

«ዘርህ በጣም ትንሽ ነው» አሉ። «ያለውም ደካማ ነው። ልጅ ያጣችሁት በዚህ ይመስለኛል።»

እኔ ተነሳሁ። «እንዴት ተደርጎ? ይህን ክንድ አይዩም? ይህን ጢም? አልጋ ላይም ቢሆን ይጠይቋት!» አስካለ መሬት መሬት አየች።

«ተቀመጥ» አሉኝ በርጋታ። «የዘር ፍሬህ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ጢምህን፣ ድምፅህን፣ ጉልበትህን የሚሰጥህን ነገር ማመንጨት ነው። እሱን ደህና አድርጎ እየሠራ ነው። ሁለተኛው ዘር መሥራት ነው። አንዱ ሲሠራ ሌላው ሊቆም ይችላል። የጠነከረ ሁሉ አይወልድም።»

ጋሽ ኑረዲንና በሬያቸው ትዝ አሉኝ።

«ያዩትን ልየው?» አልኩ። ሐኪሙ ገረማቸው፤ ግን ቦታ ለቀቁልኝ። ከአቃቂ ሰው የራሱን ዘር በማይክሮስኮፕ ያየ ከእኔ በፊት አለ ብዬ አላምንም። ያየሁት ግን የሚያኮራ አልነበረም። ሰፊ ሜዳ ላይ እዚህም እዚያም አንዳንድ ጭራ ያላት ነገር፤ የሌሊት ፈረቃ ጨርሰው እግራቸውን እየጎተቱ የሚወጡ ሠራተኞችን ይመስሉ ነበር። ብዙ አየኋቸው። ሳልወድ አዘንኩላቸው።

«እንግዲያው የወንድነት መርፌውን ይውጉኝ» አልኩ።

«ማን ነገረህ? እንዳትሞክረው!» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ ያለው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ያ መርፌ ጉልበት የሚሰጠውን ነገር ከውጭ ያስገባልሃል። ሰውነት ደግሞ ከውጭ ከመጣለት የራሱን ሥራ ይተዋል። ክንድህ ይፈረጥም ይሆናል፤ ያለችህ ጥቂት ዘር ግን እሷም ትጠፋለች።» ከዚያ ብዕራቸውን አነሱ። «ሥራህ ምንድን ነው?»

ሥራዬን ጠይቆኝ ባጭሩ ያበቃ ሰው የለም። ስለ ቦይለሩ ነገርኳቸው፤ ስለ ግፊቱ፣ ስለ ፉጨቱ፣ እንዴት ካቦ እንደሆንኩ። አስካለ በክርኗ ጎሸመችኝ፤ አላቆምኩም።

«ቆመህ ነው የምትሠራው?» አሉ ሐኪሙ።

«የሚቆምማ ተራ ሠራተኛ ነው! እኛ ዘንድ አቀማመጥ በማዕረግ ነው። ከቦይለሩ የሚወጣ ትልቅ ቧንቧ አለ፤ ጆንያ ተጠቅልሎበታል። የአቃቂ ብርድ አጥንት ስለሚገባ ሁላችንም እሱ ላይ እንቀመጣለን። አዲስ ገቢ በሩ ጋ፣ ቀዝቃዛው ጫፍ ላይ ነው። ካቦው ቦይለሩ ጥግ፣ ከሁሉ የሚሞቀው ላይ። ሌላው ትንሽ ተቀምጦ ይነሳል፤ እኔ ፈረቃውን ሙሉ አልነሳም። ቦታውን የወረስኩት ከጋሽ በዳዳ ነው፤ ከእኔ በፊት ካቦ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ሶደሬም ቢሆን ከሁሉ የሚፈላው ውኃ ውስጥ የገባሁት እኔ ብቻ ነኝ!»

ሐኪሙ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ስማኝ ልጄ» አሉ። «እግዚአብሔር የወንድን ፍሬ ከሆድ ውጭ ያንጠለጠለው ቦታ ጠፍቶት አይደለም። ዘር የሚሠራው ቀዝቀዝ ሲል ነው። አንተ ይኸን ሁሉ ዓመት ስትቀቅለው ኖረሃል። ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ግን ከዚህ እንጀምር። ከዛሬ ጀምሮ ቀዝቃዛ ወንበር፣ ሰፊ ሱሪ፣ ለብ ያለ ውኃ። አዲስ ዘር ለመብሰል ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋል። ከዚያ ተመልሰህ አሳየኝ።»

«ፍል ውኃውስ?»

«ለወገብ ጥሩ ነው።»

ልከራከር አፌን ከፈትኩ፤ አንድ ነገር ግን መጥቶ ያዘኝ። ጋሽ በዳዳ ልጅ አልነበራቸውም። ሦስት ሚስት «መካን ናት» ብለው ፈተዋል። ከሦስቱ አንዷ ኮዬ ፈጬ ገበሬ አግብታ አራት ልጆች ወልዳለች፤ ያን ጊዜ ኮዬ ፈጬ ገና የጤፍ ማሳ ነበር። እኛ ሁላችን ይህን እናውቃለን። «ጊዜው ሲደርስ አምላክ ሰጣት» እንል ነበር። ሴትየዋ በቅሎ አስጭና፣ ልጆቿን አስከትላ ለገበያ አቃቂ ስትመጣ እያየን፣ እኛ ቧንቧው ላይ ተቀምጠን እንዲያ እንል ነበር።

አፌን ዘጋሁ። በሕይወቴ ጥቂት ጊዜ ብቻ የደረሰብኝ ነገር ነው።

መመለስ

ከሐኪም ቤቱ ወጥተን ሳንዱቁን አደራ ወዳስቀመጥንበት መናኸሪያ ስንደርስ የአሰላው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ረዳቱ ይጣራል። አስካለ ሳንዱቋ ላይ ተቀመጠች።

«ለእናትህ ምን ትላታለህ?» አለችኝ።

«እውነቱን።»

«ጓዳ ጠርተህ ነው?»

«ሽማግሌዎቹ ፊት።»

«ማል።»

«እንጀራዬን ይንሳኝ።»

ከሳንዱቁ ላይ ተነሳች። ተሸካሚ ፈለግሁ፤ ሁሉም ወደ አሰላው አውቶቡስ ሄደዋል። ጎንበስ አልኩና ሳንዱቁን ትከሻዬ ላይ አወጣሁት። ስድስት ዓመት ሙሉ የጠለፈችው ሁሉ እዚያ ውስጥ ስለነበር ይከብድ ነበር። እኔ ግን ቀለለኝ። ባቡሩ ላይ የሸንኮራ አገዳ እያኘክን መጣን፤ ስለ ምን እንዳወራን እንኳን አላስታውስም፤ ዱከምን ሳናውቀው አልፈነው ነበር።

አቃቂ ጣቢያ ደግሞ ተሸካሚዎች ነበሩ። አልሰጠኋቸውም። በዋናው መንገድ፣ በሱቆቹ ፊት፣ ከፈረቃ በሚወጡት ሠራተኞቼ መሃል ሳንዱቁን ተሸክሜ አለፍኩ። «ካቦ! ሥራ ቀየርክ እንዴ?» ብለው ጮሁብኝ። «ነገ ትሰሙታላችሁ» አልኳቸው።

እቴቴ በሩ ላይ ነበረች። ሳንዱቁን ከትከሻዬ ሳላወርድ «ሽማግሌዎቹን ጥሪ» አልኳት። ሲሰበሰቡ ሳንዱቁን ደጅ፣ ከአስካለ እግር ሥር አውርጄ ገባሁ። ሐኪሙ ያሉትን ሁሉ፣ ቧንቧውንም ጭምር ነገርኳቸው።

«ወንድ ልጅ መካን ይሆናል እንዴ?» አለች እቴቴ። «ይቺ ናት ያስጠናችህ!»

«የጋሽ በዳዳ ሚስት ኮዬ ፈጬ ስንት ወለደች፣ እቴቴ?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። እቴቴ ጣቶቿን ማጠፍ ጀምራ አራተኛዋ ላይ ቆመች። ከዚያ አስካለን ሳታያት እንዲህ አለች፦

«ውጭ ምን ትገተሪያለሽ? ሳንዱቅሽን አስገቢ፤ ዝናብ ቢመጣስ?»

የጥር ሰማይ ነበር፤ አንድ ደመና አልነበረበትም። አስካለ ግን «እሺ እቴቴ» ብላ ገባች።

ከጉዞው የቀረልኝ

በማግስቱ አናጢ ዘንድ ሄጄ በርጩማ አሠራሁና ቦይለር ክፍል ይዤ ገባሁ። ሳቁብኝ። ምክንያቱን ስነግራቸው ሳቁ ቆመ፤ አንድ በአንድ ከቧንቧው ላይ ተነሱ። ሁለተኛ ማንም ልጅ ያጣ ሰው ወደ ካቦው ጥግ አልተጠጋም። ያ የማዕረግ መቀመጫ የሻይ ማንቆርቆሪያ ማስቀመጫ ሆነ፤ ለሱ በደንብ ይስማማል።

ጋሽ በዳዳ ጡረታ ወጥተው ቃሊቲ ነበሩ። ሄጄ ነገርኳቸው። ሲሰሙኝ ቆይተው «ሦስቱንም ሰድቤ ነው ያስወጣኋቸው» አሉና ዱላቸውን አንስተው ተነሱ። ያን ሳምንት ወደ ኮዬ ፈጬ መንገድ ሲሄዱ ያየ ሰው ነገረኝ። ምን እንዳሉ አላውቅም።

ሦስት ወሩ ሞልቶ ናዝሬት ስመለስ ማይክሮስኮፑ ላይ ያየሁት የጠዋት ፈረቃ ነበር፤ በበሩ ተጋፍተው የሚገቡ! ሐኪሙ ሳቁ። ፍልሰታ ሳይገባ አስካለ ሽሮ መሽተት አስጠላት። እቴቴ ቀድማ ገባት፤ እኔ የመጨረሻው ነበርኩ። ልጅቷ ስትወለድ ሠራተኞቼ «የበርጩማዋ» አሏት፤ ስሟ ግን ሌላ ነው፣ ትልቅ ሰው ስለሆነች አልጽፈውም። ከሷ በኋላ ሁለት ወንዶች መጡ።

ያ ጉዞ ያስተማረኝ ይህ ነው፦ ልጅ ስትፈልጉ ሁለታችሁም ተመርመሩ። አንዱን ብቻ ሶደሬ መንከር ሥራ ማብዛት ነው። ጉራዬን የሚነቅፉ ብዙ ናቸው፤ አስካለም አንዷ ናት። እኔ ግን ያን ቀን ስለ መቀመጫዬ ባልኮራ ሐኪሙ ከየት ይሰሙት ነበር? ይህን ስላት «እሱስ ልክ ነህ» ትለኛለች። በዓመት አንድ ጊዜ ነው እንዲህ የምትለኝ።

ሳንዱቁ ዛሬም አልጋችን ሥር አለ። ቀለሙ ተላልጧል፤ ክዳኑ አልገጥም ይላል። አሰላን አላየም።